ነጠላ የለበሰችው ሶላር

እማማ ይታይሽ የጎረቤታቸውን የአቶ እንግዳውን አሮጌ ካፖርት እንጨት ላይ አልብሰው ሩዛቸው መካከል ያቆሙ ጊዜ፣ ወፎቹ ይፍሩ አይፍሩ የተረዳ ሰው የለም። የአቶ እንግዳው ባለቤት ግን ከድንበሩ ማዶ ሆነው ምሳ ቀርቧል እያሉ ሁለት ጊዜ ተጣሩ። መልስ ሲያጡ በሦስተኛው ሰድበውት ተመለሱ። አቶ እንግዳው እኮ ያን ቀን ወረታ ገበያ ነበሩ። ማታ ሲገቡ እራታቸው ከነኩርፊያው ቀረበላቸው፤ ጥፋታቸው ምን እንደሆነ ያወቁት በማግስቱ ነው። እማማ ይታይሽ ካፖርቱን ከየት አመጣሽው ሲባሉ፣ ድንበር ላይ ወድቆ አገኘሁት፣ እንጨቱ ሲበርደው አይቼ ነው ያለበስሁት አሉ።

ሴትዮዋ እንዲህ ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት ነው፤ ሲቀልዱ ፊታቸው አይስቅም። ለሚያያቸው ሰው ቅዳሴ የሚያስቀድሱ እንጂ ተንኮል የሚሸርቡ አይመስሉም። ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚዘረጋው ሜዳ ላይ ባላቸው ሞተው የተዉላቸውን መሬት ክረምት ሩዝ፣ ውኃው ሲሸሽ ጓያ እየዘሩበት አንድ ወንድ ልጅ አሳድገዋል፤ ድረዋልም።

ሩዝ የሚሉት ሰብል ጎርፉን ሁሉ ችሎ ይቆምና መጨረሻ ላይ በወፍ ይሸነፋል። ጥቅምት ገብቶ ዛላው ወተት መቋጠር ከጀመረበት ቀን አንስቶ እስከ አጨዳው ድረስ አንድ ሰው ማማ ላይ መዋል አለበት። ማማዋ በአራት የባሕር ዛፍ እግር የቆመች፣ የሩዝ ገለባ ጣሪያ ያላት ከፍ ያለች መቀመጫ ናት። ከእሷ ላይ ሆኖ በወንጭፍ ወፍ ማባረር ነው ሥራው። የፎገራ ጥቁር አፈር ደግሞ ለወንጭፍ ክፉ ነው፤ ጠጠር የሚባል የለውም። ቀኑን ሙሉ ቢፈለግ አንድ ድንጋይ አይገኝበትም። ስለዚህ ጭቃውን እያድበለበሉ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ጥይቱ እሱ ነው።

በወንጭፍ እማማ ይታይሽን የሚስተካከል አልነበረም። አልነበረም የተባለው ቀኝ ትከሻቸው ካቻምና ስለከዳቸው ነው። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሁለት ጊዜ ሄደው ተነክረዋል፤ ትከሻው ሦስት ቀን አመስግኖ በአራተኛው ወደ ጠባዩ ይመለሳል። ወረታ ከተማ ባጃጅ የሚነዳው ልጃቸው ንብረት ይህን ያውቃል። እናቱ አንድ ቀን ከማማው ላይ ይወድቃሉ ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም። መሬቱን ተቀብሎ ለእኩል፣ ምርቱን እየተካፈለ፣ የሚያርስ ሰው ሳይቀር አግኝቷል።

ዘንድሮ እናትና ልጅ ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በአንድ ነገር ተስማሙ። ሩዙን ወፍ ካልበላው እማማ ይታይሽ በመሬታቸው ይቀመጣሉ። ከበላው ግን መሬቱ ለእኩል ይሰጥና እሳቸው ወረታ ገብተው ከልጃቸው ጋር ቴሌቪዥን እያዩ ይጦራሉ። እማማ ይታይሽ ቴሌቪዥን አይጠሉም፤ የሚጠሉት ፊቱ መጎለቱን ነው። ተስማምተው ሲለያዩ ግን ያን ሁሉ ወፍ በአንድ ክንድ እንዴት እንደሚመክቱት አያውቁም ነበር። 

የሚረዳቸው እጅ ጠፍቶ አይደለም። የንብረት ልጆች አሉ፤ መባ አሥር ዓመቷ ነው፣ ይርዳው ሰባት። ችግሩ አራቱም እጃቸው መስታወቱ በተሰነጠቀ በአንድ የአባታቸው አሮጌ ስልክ ላይ መጣበቁ ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ገበያ ወጥተው ልጆቹን ሊያዩ ገቡ። ሁለቱም ተነስተው የአያታቸውን ጉልበት ሳሙ። ዓይናቸው ግን ከስልኩ ስላልተነሳ ይርዳው አንዱን ጉልበት ስቶ የሳመው የወንበሩን እግር ነው። እማማ ይታይሽ ተቀምጠው ታዘቡ። ልጁ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ በሌላው ከሳህን ላይ ዳቦ እያነሳ ይጎርሳል፤ ሳህኑን ግን አያየውም። እሳቸው ለምራታቸው ለደብሬ ካመጡት ሽንኩርት አንዱን ከዘንቢል አወጡና ልጠው ከአራት ከፈሉት። ዳቦውን አንስተው ሽንኩርቱን በቦታው አስቀመጡ። ልጁ አነሳ፣ ነከሰ፣ አኘከ፣ ዋጠ። ሁለተኛውን ሲጎርስ ዓይኑ እንባ ማፍሰስ ጀመረ። ስልኩ ላይ የሚያየው ነገር ያስለቀሰው መስሎት ነው መሰል በእጅጌው ጠርጎ ቀጠለ። ደብሬ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጥ ቤት ገባች። እማማ ይታይሽ ግን ያን ቀን በሆዳቸውም አልሳቁም። ሽንኩርት ያላነቃውን ልጅ አያት በምን ታነቃዋለች ብለው ፈሩ።

ከመሄዳቸው በፊት መባን ማማ ላይ አብራቸው እንድትውል ጠየቋት። መባ ቀና ሳትል ኔትወርክ አለ ወይ አለች። እማማ ይታይሽ ኔትወርክ ቀይ ይሁን ጥቁር አያውቁም፤ ሞልቶ ይፈሳል አሏት። ቻርጅስ ስትላቸው ግን ውሸቱ አለቀባቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጥታ አህመዲን ሱቅ ሄዱ።

አህመዲን ስልክ ጠጋኝ ነው። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እማማ ይታይሽ የለበሱት ነጠላ ራሱ ከእሳቸው ሱቅ የተገዛ ነው። ይህ ሰው እንጀራው ስልክ ሆኖ ሳለ ልጁ ከውሰር ከስልክ ቀና አትልም እያለ ጠዋት ማታ ይነጫነጫል። እማማ ይታይሽ በፀሐይ ስልክ የሚሞላው ዕቃ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። የደብተር ስፋት ያላት ሶላር አውጥቶ አሳያቸው። ፀሐይ በደንብ ካገኘች ትሞላለች፤ ጥላ ካረፈባት ግን ሥራ ታቆማለች፣ ነጠላ እንኳ ቢወድቅባት ታንቀላፋለች፣ ይጠንቀቁ አላቸው። ነጠላ ቢወድቅባት ያለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

«ነጠላ ይበቃታል ወይስ ጋቢ ነው የሚያስተኛት?» አሉ።

አህመዲን ፊታቸውን አየ፤ ነገሩ ገባው። «ነጠላ ይበቃታል፣ እትዬ ይታይሽ። ጋቢማ ይገድላታል» አለና ሶላሯን አዋሳቸው። ከሠራልዎት ከውሰርንም እልክልዎታለሁ ብሎ እስከ በሩ ሸኛቸው።

ደብሬም የሴራው አካል ሆነች። የቤቱን ቻርጀር የበርበሬ ማሰሮ ሥር ደብቃ፣ ተበላሸ፣ አያታችሁ ጋ ግን በፀሐይ የሚሞላ ሶላር አለ አለች። ስልኩ አሮጌ ስለሆነ የተጫወቱበት እንደሆነ ሁለት ሰዓት አይቆይም። ልጆቹ አንድ ቀን ጨለማ መስታወት ሲያሹ ዋሉና በማግስቱ አያታችን ጋ ሶላር አለ ብለው አባታቸውን ራሳቸው ለመኑት። ጠዋት ተምረው ከምሳ በኋላ በባጃጅ ሊያደርሳቸው፣ ዐርብ ዐርብ ደግሞ እዚያው ሊያድሩ ተስማሙ። ንብረት ሁለት ቀን አይቆዩም ብሎ ሳቀ።

በመጀመሪያው ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሶላሯ ማማው ጣሪያ ላይ ወጣች፣ ሽቦዋ ወደ ታች ወረደ፣ ስልኩ ተሰካ። እማማ ይታይሽ ሞቀኝ ብለው ነጠላቸውን አወለቁ፤ የሚያኖሩበት ያጡ መስለው ጣሪያው ላይ ጣል አደረጉት። ልጆቹ ጠበቁ። ይርዳው በየደቂቃው ሞላ ወይ ይላል፤ መባ ስልኩን ታነሳለች፣ ትነካካዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

«ሶላር እንደ ላም ናት» አሉ እማማ ይታይሽ። «ትክ ብለው ሲያዩዋት ወተቷን ትይዛለች። ወዲያ ዞር በሉላት።»

ልጆቹ ዞር ሲሉ ያለው ሜዳ ብቻ ነው። እስከ ሐይቁ ድረስ ሩዝ፣ በሩዙ መካከል እዚህም እዚያም ማማ፣ ከላይ ሰማይ። ይርዳው ምን ይታያል ብሎ አለቀሰ። ትንሽ ቆይቶ ግን ልጅ ነውና ወርዶ ጭቃ ነካ። አያቱ ጥይት ማድበልበል አሳዩት። የእሱ የመጀመሪያው ጥይት የበግ ግልገል የሚያህል ሆነ፤ እማማ ይታይሽ ይህንን እንኳ ለጅብ እናስቀምጠው ብለው ለብቻ አደረቁለት። መባ ደግሞ ወንጭፉን አንስታ አሽከረከረች። ጥይቱ ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ኋላ ሄዶ የአያቷን ሻሽ አወለቀው። ወፎቹ ዛላው ላይ ተቀምጠው ምግባቸውን ቀጠሉ፤ ለእነሱ ጥሩ ቀን ነበር።

አራተኛው ቀን ላይ የመባ ጥይት ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። በስድስተኛው ወፎቹ ይሰሟት ጀመር። ይርዳው የአያቱን አሮጌ የካሴት ክሮች እየተረተረ ከእንጨት እንጨት ዘረጋቸው፤ ነፋስ ሲመታቸው እየተርገበገቡ የሚያሰሙት ጉምጉምታ ወፍ ያስደነግጣል። ማን እንደዘፈነበት የማይታወቅ የካሴት ክር ሩዝ ጠባቂ ሆነ። ልጆቹ እግራቸው እስከ ጉልበት ጥቁር ሆኖ ወደ ከተማ ሲመለሱ ደብሬ ከባጃጁ ሳይወርዱ በባልዲ ታጥባቸዋለች።

ጩኸቱንም ተማሩት። ግሪሳ የሚባለው፣ በመንጋ የሚመጣው ወፍ የወረደ እንደሆነ ከአንድ ማሳ ብቻ ማባረሩ ዋጋ የለውም። ከዚህ ተነስቶ እዚያ ያርፋል፣ ከዚያ ሲያባርሩት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ማማ ይጮሃል፣ ሁለተኛው ተቀብሎ ለሦስተኛው ያሻግራል፣ ሜዳው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነስቶ ያስወጣዋል። ልጆቹ ድምፃቸውን የሚያሠለጥኑት በአቶ እንግዳው ላይ ነበር። መባ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ፣ አባ እንግዳው ምሳዎ ምን ነበር ብላ ትጮሃለች። አቶ እንግዳው ከማዶ ማማ ሽሮ ብለው ይመልሳሉ። ከእሳቸው ወዲያ ያለው ማማ ሰምቶ ለቀጣዩ ያስተላልፋል። እንዲህ እየሆነ የአቶ እንግዳው ምሳ ሐይቁ ዳር ድረስ ይታወቅ ጀመር፤ ባለቤታቸውም ሥጋ የሠራሁልህ ቀን ለምን አትጮህም ብለው ተናደዱ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። እማማ ይታይሽ በየቀኑ ሞቀኝ ብለው ነጠላቸውን ጣሪያው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ አንዳንዴ ደመና ሆኖ ቀዝቃዛ አየር እየነፈሰም ይሞቃቸዋል። መባን ስልኩ እንዴት ነው ሲሏት ገና ባዶ ነው ትላቸዋለች። እሰይ ይላሉ በሆዳቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ማታለላቸው ትንሽ ይከነክናቸው ነበር፤ ግን ዛላው ቢጫ እየሆነ ነው፣ የእሳቸውም ክንድ አምስት ሆኗል። ከሁሉ በላይ ከማማው ሥር ሁለት ልጆች እርስ በርስ ሲሳደቡና ሲሳሳቁ መዋላቸው ደስ ይላቸዋል። ንብረት ልጅ ከነበረ ወዲህ እዚያ ቦታ እንዲያ ያለ ድምፅ አልሰሙም ነበር።

ለአጨዳው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሐይቁ በኩል ጭስ የመሰለ ነገር ተነሳ። ጭሱ ተጣጠፈ፣ ተዘረጋ፣ ዞረ። እማማ ይታይሽ ቀድመው አወቁት። ግሪሳ ነው። እንዲህ የበዛ መንጋ ካዩ ዓመታት አልፈዋል። አቶ እንግዳው ቁርስ ሊበሉ ወደ ቤታቸው መንገድ ጀምረዋል፤ ስልካቸው ከኪሳቸው አይለይም። ንብረትም ከተማ ነው። እማማ ይታይሽ ስልክ የሚባለውን ነገር በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈለጉት። ቀና ሲሉ ነጠላቸው ሶላሯ ላይ ተዘርግቶ አዩ። በገዛ እጃቸው፣ ገና ጎህ ሲቀድ ያለበሷት ናት።  መሬቴን በራሴ ነጠላ ሸፍኜ አስበላሁት አሉ በሆዳቸው፤ ለልጆቹ ግን ምን ብለው ይናገሩ።

መባ ማንንም አልጠበቀችም። ማማው ጫፍ ላይ ቆማ እጆቿን አፏ ላይ አደረገች።

«ግሪሳ! አባ እንግዳው፣ ግሪሳ!»

የመጀመሪያውን ነፋስ ወሰደው። በሁለተኛው አቶ እንግዳው መንገድ ላይ ቆሙ። በሦስተኛው ወደ ማማቸው ዞረው ሲሮጡ ታዩ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ማማ ተቀበለ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጮኸ። ይርዳው ወርዶ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ በድንበሩ ላይ ይሮጣል። ግሪሳው በእማማ ይታይሽ ማሳ የሐይቅ በኩል ጥግ ላይ ወረደ፤ ዛላው በክብደቱ ተጎነበሰ። መባ ወነጨፈች። እማማ ይታይሽ የቀኙን ትተው በግራ ክንዳቸው ወነጨፉ። ጥይት ሲያልቅ ይርዳው ያን ለጅብ የተቀመጠውን ግልገል የሚያህል ድብልብል በሁለት እጁ ተሸክሞ አመጣና መንጋው መካከል ጣለው፤ ከሁሉም የበለጠ ያስደነገጠው እሱ ነው። መንጋው ተነስቶ አቶ እንግዳው ማሳ ላይ ሊያርፍ ሲል እዚያም ጩኸት ጠበቀው፣ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። ማረፊያ ያጣው ግሪሳ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ሐይቁ ደንገል ሄደ።

ሜዳው ዝም ሲል ሦስቱም ማማው ላይ ተዘርረው ይተነፍሱ ነበር። የተበላው ጥጉ ብቻ ነው፤ የአንድ ቤት ግቢ የሚያህል ቦታ። ያን ጊዜ ከማማው ምሰሶ ላይ ከተንጠለጠለው ከመባ ቦርሳ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ።

«ይሄ ሳ ምንድን ነው?» አሉ እማማ ይታይሽ።

«ስልኩ ነው» አለች መባ፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ።

«ባዶ ነው አላልሽኝም?»

«ነጠላሽን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቼዋለሁ፣ እምዬ። አንቺ ወደ ወፉ ስትዞሪ እገልጠዋለሁ፣ ስትመለሽ መልሼ አለብሳታለሁ። መጀመሪያ ላይ ተደብቀን እንጫወትበት ነበር። ሐሙስ ለት ሞላና ከቦርሳው ከተትሁት።»

እማማ ይታይሽ ወደ ጣሪያው አዩ። ሽቦው ባዶውን ተንጠልጥሏል። ከሐሙስ ጀምሮ ምንም ያልተሰካባትን ሶላር ነጠላ ሲያለብሱ ሰንብተዋል።

«ታዲያ ለምን ባዶ ነው ትይኛለሽ?»

«ታፍሪያለሽ ብዬ ነዋ።»

ስልኩ ጮሆ ጮሆ ዝም አለ። ያነሳው ሰው የለም። አያትየዋ ትልቁን ጥያቄ ጠየቁ።

«ግሪሳው ሲመጣ ሳ ለምን አልደወልሽም?»

መባ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቆመች። ቦርሳውን አየች፣ አያቷን አየች። እሷም ገና አሁን ነው ያሰበችው።

«ረሳሁት» አለች።

ስልሳ ዓመት ሙሉ ተንኮል ሲሠራ ያልሳቀው ፊት ያን ጊዜ ሳቀ። እንባም ነበረበት። እማማ ይታይሽ የልጅ ልጃቸውን አንገት አቅፈው ቆሻሻ ግንባሯን ሳሙ። ይርዳው ምን እንደሆነ ባይገባውም አብሮ ሳቀ።

ሲደውል የነበረው ንብረት ነው። በሜዳው ላይ ግሪሳ መውረዱን መንገደኛ ነግሮት፣ ለልጆቹም ለአቶ እንግዳውም ሲደውል ሲደውል የራሱ ስልክ ባትሪ አልቆ ነበር የመጣው። ባጃጁን መንገድ ዳር አቁሞ እየሮጠ ደረሰ። እናቱም ልጆቹም ደህና መሆናቸውን ሲያይ ተረጋጋ፤ ከዚያ ማሳውን ዞረና ጥጉ ላይ ቆመ።

«ተበልቷል» አለ።

እማማ ይታይሽ ይህች ናት እንዴ የተበላችው ብለው ተከራከሩ። ንብረት ግን ስምምነታችን ወፍ ካልበላው ነበር፣ ይኸው በላው አለ። ደስ ብሎት አልነበረም። በግራ እጃቸው የሚያሹትን ትከሻ እያየ ነው የሚናገረው፤ መሬት ቢሰጥ ይመለሳል፣ እናት ግን አትመለስም፣ አንድ ቀን ወድቀሽ ከማገኝሽ ይቅር አለ። ለእኩል የሚያርሰው ሰውዬ ዛሬውኑ መልስ እንደሚፈልግ፣ ቁጥሩም ባትሪው ባለቀው በንብረት ስልክ ውስጥ ብቻ እንዳለ ተናገረ። እማማ ይታይሽ ቃላቸው ቃል ነውና ክርክሩን ተዉት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሸርቡት ነገር አጡ።

«ሶላር አለ አይደል?» አለ ንብረት፤ ማማው ላይ ወጥቶ ነጠላውን ወዲያ ገፋ አድርጎ የራሱን ስልክ ሰካና የተበላውን ዛላ ሊያቀና ወረደ።

እማማ ይታይሽ ሰማዩን ያዩ ነበር። ኮሽታ ሰምተው ዞር ሲሉ መባ በእግሯ ጣት ቆማ ነጠላውን ሶላሯ ላይ እያስተካከለች ነው፤ ፊቷ የቅዳሴ ፊት ነው። አያትየዋ ፊታቸውን መልሰው ወደ ሰማዩ አዞሩ።

ንብረት አምስት ሰዓት ላይ ሞላ ወይ አለ። አልሞላም ተባለ። ስድስት ሰዓት ላይም ጠየቀ። ይርዳው ራሱን እየነቀነቀ መለሰለት።

«ሶላር እንደ ላም ናት፣ አባዬ። ትክ ብለው ሲያዩዋት ወተቷን ትይዛለች።»

ንብረት ሳቀና የሚያደርገው ስላጣ ከመሬት አንድ ጥይት አነሳ። ወንጭፉን አሽከረከረ። በልጅነቱ እዚያው ማማ ላይ ያደገ ሰው ነው፤ ክንዱ አልረሳውም። ከልጆቹ ጋር ተወራረደ፤ መባ አሸነፈችው፣ ደገመው። ከሰዓት በኋላ ከአቶ እንግዳው ጋር በጩኸት ስለ ምሳ ሲዘላለፍ ዋለ። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ከማማው ሥር ተንበርክኮ እግሮቿን አንድ በአንድ ሲነቀንቅ ነበር። አንደኛዋ ላልታለች፣ ነገ አዲስ እንጨት ይዤ እመጣለሁ፣ መሰላሉንም ሰፋ አድርጌ እሠራዋለሁ አለ። እናቱ ይሁን ብቻ አሉት፤ ሌላ ቃል ቢጨምሩ የእኩል አራሹ ነገር ትዝ እንዳይለው ሰግተው ነው።

ልጆቹን ጭኖ ሲሄድ መባ ከባጃጁ ኋላ አንገቷን አውጥታ ለአያቷ በአንድ ዓይኗ ጠቀሰች። ባጃጁ ዞሮ ከተሰወረ በኋላ እማማ ይታይሽ ነጠላቸውን ሊወስዱ ወደ ማማው ወጡ። ገለጥ አደረጉት። የንብረት ስልክ ከነሽቦው ሶላሯ ጎን እንደተሰካ ተረስቷል። ትንሽ ቆመው አዩት። ሲበርደው ታያቸውና መልሰው አለበሱት።